«ጽሑፉን ትቼ ወደ ቪዲዮ ልግባ?»

ከአንዲት አንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ስለ ልብስ ስፌት የምጽፍበት ብሎግ ከከፈትኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። ቅድ እንዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ልብስ እንደሚስማማ፣ የተበላሸ ስፌት እንዴት እንደሚቃና የሚያስረዱ ከ140 በላይ ጽሑፎች አውጥቻለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የአንባቢዎቼ ቁጥር እየቀነሰ መጥቷል። የእህቴ ልጅ ‹አሁን የሚያነብ ሰው የለም፤ ሁሉም ቪዲዮ ነው የሚያየው፤ ጽሑፉን ተዪና ቻናል ክፈቺ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ካሜራ ፊት ስቀርብ ድምፄ ይታፈናል፤ ፊቴንም ለማላውቀው ሰው ሁሉ ማሳየት አልወድም። ከሁለቱ የቱ ይሻለኛል? ወደ ቪዲዮ ከሄድኩስ የድሮዎቹን ጽሑፎች ላጥፋቸው? ሁለት ልብ የሆንኩ አንባቢዎ።»

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ጥያቄዎ ስለ ሁለት የአቀራረብ መንገዶች ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ያስጨነቀዎ ነገር ከዚያ የጠለቀ መሆኑን ተረዳሁ። 6 ዓመት የደከሙበት ሥራ ጊዜው አልፎበታል የሚል ቃል ከሚወዱት ሰው አፍ ሰምተዋል፤ የአንባቢው ቁጥር መቀነስም ያንን ቃል የሚያረጋግጥ ሆኖ ታይቶዎታል። ስለዚህ «የቱ ይሻለኛል» ወደሚለው ከመሄዴ በፊት «የሚያነብ ሰው የለም» የሚለውን አባባል አብረን እንመርምረው።

የእህትዎ ልጅ ያየው ነገር ከንቱ አይደለም። ሰው በስልኩ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ቪዲዮ ትልቅ ድርሻ መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፍና ቪዲዮ አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚሄድ ወራሽና ተወራሽ አይደሉም። «ዌብሎግ» የሚለው ቃል የተፈጠረው በ1997 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የኮምፒዩተር ቋንቋ የማያውቅ ሰው ጽሑፉን በቀላሉ እንዲያወጣ ያስቻሉት ብሎገር በ1999፣ ዎርድፕረስ ደግሞ በ2003 ተከተሉ። በዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው ኤፕሪል 23 ቀን 2005 ሲሆን ርዝመቱም 19 ሰከንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከ20 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። ቪዲዮውም ቢሆን የሚገኘው በጽሑፍ ነው፤ ሰው በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ቃል ይጽፋል፣ የቪዲዮውን ርዕስ ያነባል፣ መግለጫውን ይመለከታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማየት የሚጀምረው።

የአንባቢዎችዎ ቁጥር ለምን እንደቀነሰ ሳይመረምሩ ምክንያቱን ለቪዲዮ መስጠት ግን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው። ከ2024 ጀምሮ ጉግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ አጭር መልስ ከፍለጋው ውጤት በላይ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ በዚህም ምክንያት «የአንገት ልኬት እንዴት ይወሰዳል» ብሎ የጠየቀ ሰው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ መልሱን አግኝቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ምሽት ይመድቡና የብሎግዎን የጎብኚ መዝገብ ከፍተው የትኞቹ ጽሑፎች አንባቢ እንዳጡ ይለዩ። አጫጭር ጥያቄዎችን የሚመልሱት ብቻ ከሆኑ አንባቢው መልሱን የሚያገኝበት ሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው፤ ቪዲዮ መሥራትም ያንን አይመልሰውም። የእጅ ሥራን የሚያስረዱት ከሆኑ ግን የእህትዎ ልጅ ትክክል ነው፤ ያ አንባቢ በዓይኑ ሊያይ ወደሚችልበት ሄዷል።

ይህን መለያ የሰጠሁዎ የነገሩ ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ከሚያውቁት ሙያ ውስጥ አንዱ ክፍል የሚኖረው በእጅዎ ውስጥ ነው፤ ሌላው ክፍል ደግሞ በቃልና በቁጥር ውስጥ ነው። እጅጌ መግጠምን ይውሰዱ። የእጅጌው ጫፍ ዙሪያ ከሚገጠምበት የትከሻ ክፍተት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ሰፊዋ ያንን ትርፍ በጣቶቿ እያስተኛች፣ ጨርቁ ሳይጨማደድ፣ ዙሪያውን ታካፍለዋለች። «ትርፉን እኩል እያከፋፈሉ ይስፉ» ብለው ቢጽፉ የተሳሳተ ቃል የለበትም፤ ሆኖም ጣት ጨርቁን ምን ያህል እንደሚጫን፣ ሌላው እጅ ከወዴት በኩል እንደሚይዝ፣ መኪናው ሲጀምር ፍጥነቱ ምን እንደሚመስል ከዚህ ዓረፍተ ነገር ማንም አያገኝም። አርባ ሰከንድ የሚሆን ቀረጻ ሦስት ገጽ ጽሑፍ የማይችለውን እዚህ ላይ ይሠራል። የዚፕ አገጣጠም፣ የቁልፍ ቤት አሠራር፣ ጠርዝ መዘምዘም፣ የሚያንሸራትት ጨርቅ አያያዝ፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው ወገን ናቸው።

አሁን ደግሞ ቅድ ማውጣትን ይመልከቱ። አንባቢዋ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ መቀሱን ይዛ ቆማለች። የምትፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ለስፌት የሚተወው ትርፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው ወይስ ሁለት? በጽሑፍ ከሆነ ዓይኗን ወደ ሰንጠረዡ ትመልሳለች፣ ታያለች፣ ትቆርጣለች። በቪዲዮ ከሆነ ግን እጇን ጠርጋ ስልኩን ማንሳት፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አልፋው ሄዳ እንደገና መመለስ ይኖርባታል። በንባብ ጊዜ ፍጥነቱን የሚወስነው አንባቢው ሲሆን በቪዲዮ ጊዜ ግን ተናጋሪው ነው። በእንግሊዝኛ በተደረጉ ጥናቶች አንድ አዋቂ ሰው በልቡ ሲያነብ በደቂቃ 240 ቃል ገደማ ይደርሳል፤ በተለመደ ፍጥነት የሚናገር ሰው ደግሞ 150 ቃል ገደማ ነው። በአማርኛ ቁጥሮቹ የተለዩ ቢሆኑም ዓይን ከጆሮ የሚቀድም መሆኑ ግን የሚለወጥ አይመስለኝም። ከዚያም በላይ ዓይን ይዘላል፣ ይመለሳል፣ የማይፈልገውን ያልፋል፤ ጆሮ ይህን ማድረግ አይችልም።

ጽሑፍ የሚበልጥበት ሌላው ነገር እርማት ነው። ይህንንም በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት መጽሐፍ መጠረዝን የሚያስተምር የ11 ደቂቃ ቀረጻ አዘጋጅቼ ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የካርቶኑን ስፋት ስናገር ሁለት ቁጥሮች አፋልሼ ተናገርኩ። ያወቅሁት ቪዲዮው ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያወቅሁትም አንድ ሰው የቆረጠውን ካርቶን ፎቶግራፍ አንስቶ ስለላከልኝ ነው። በዩቲዩብ ላይ የወጣን ቪዲዮ በዚያው አድራሻ በሌላ መተካት አይቻልም፤ መቁረጥና አንዳንድ ቦታ ማደብዘዝ ይቻል ይሆናል እንጂ አዲስ ዓረፍተ ነገር ማስገባት አይቻልም። በመግለጫው ሥር እርማት ጻፍኩ፤ ዳሩ ግን መግለጫውን ከፍቶ የሚያነብ ተመልካች ጥቂት ስለነበር ስህተቱ መዝለቁን ቀጠለ። በመጨረሻ ቪዲዮውን አውርጄ እንደገና ቀረጽኩት፤ ከሥሩ የነበሩትን የተመልካቾች ጥያቄና መልሶችም አብሬ አጣሁ። በጽሑፍ ቢሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኬትና ቁጥር በጽሑፍ እንዲቀመጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አጥብቄ እመክራለሁ።

በሌላ በኩል ጽሑፍ የሚዘጋውን በር ቪዲዮ እንደሚከፍት መካድ አልፈልግም። ማንበብ የማይችል ወይም በንባብ የሚቸገር ሰው ድንቅ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ከ140 ጽሑፎችዎ ይልቅ የእጅዎ አንድ እንቅስቃሴ ትርጉም አለው። ማየት ለተሳነው ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ጽሑፍዎን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ «እዚህ ጋ እንዲህ አድርጉ» እያለ እጅን ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን አንዳች አይነግረውም። መስማት የተሳነው ደግሞ በቪዲዮው ላይ የግርጌ ጽሑፍ ከሌለ ከንግግርዎ ምንም አያገኝም። የክብደቱም ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ የ2,000 ቃል ጽሑፍ ያለ ፎቶግራፍ 30 ኪሎ ባይት አካባቢ ነው። በሙሉ ኤችዲ የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ግን ዩቲዩብ ለጭነት በሚመክረው ጥራት 600 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ተመልካቹ የሚደርሰው ከዚህ የቀለለ ነው፤ ቢሆንም ደካማ ግንኙነት ወይም ውስን ዳታ ያለው ሰው ጽሑፍዎን ከፍቶ ሲያነብ ቪዲዮዎን ግን ላያይ ይችላል።

ስለ ገቢ በደብዳቤዎ አላነሱም፤ ይሁን እንጂ «ቻናል ክፈቺ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ይህን ተስፋ ይዞ ስለሚመጣ በአጭሩ ልንካው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይ እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ወይም በሰዓቱ ምትክ አጫጭር ቪዲዮዎቹ በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት አለባቸው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው፤ አንድ ተመልካች በአማካይ 4 ደቂቃ ቢቆይልዎ 60,000 ጊዜ መታየት ያስፈልጋል። ለሚተጋ ሰው የማይደረስ አይደለም። ነገር ግን ጽሑፉን ጥለው የሚሄዱት ለዚህ ብለው ከሆነ ስሌቱን አስቀድመው ይወቁት።

ስለ ካሜራ ፍርሃትዎ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ፤ ምክንያቱም የያዘዎ እውነተኛ እንቅፋት ይህ ይመስለኛል፤ መፍትሔም አለው። በመጀመሪያ፣ ፊትዎን ማሳየት አይጠበቅብዎትም። ሊያስተምሩ የሚፈልጉት እጅዎ የሚሠራውን ነው። ስልኩን ከጠረጴዛው በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው በመቆሚያ ይሰኩት፤ መብራቱን ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከግራም ከቀኝም ያድርጉት፤ አለዚያ የእጅዎ ጥላ መርፌው ላይ ይወድቃል፤ ተመልካቹም ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል። በቀረጻው ውስጥ ከጨርቁና ከእጅዎ ሌላ ምን እንደሚገባ አስቀድመው ይመልከቱ፤ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት፣ የደንበኛ ስም ያለበት ደብተር፣ በአጠገብ የሚያልፍ ሕፃን ከካሜራው ዓይን ውጭ ይሁኑ። ፊትን ያለማሳየት ውሳኔዎ የእርስዎ ነው፤ ዓይን አፋርነት ነው ብሎ ማንም እንዲያሳፍርዎ አይፍቀዱ።

ድምፅን በተመለከተ፣ እየሰፉ መናገር ለልምድ ባለቤትም ከባድ ነው። እጅዎን በዝምታ ይቅረጹ፤ ንግግሩን ኋላ ለብቻው ይቅረጹና ኤዲቲንግ ላይ ያጋጥሙት። ተመልካች ጥቂት የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ወይም የሚቆራረጥ ድምፅ ግን አይታገሥም። ለዚህ ደግሞ ሙያዎ ረድቶዎታል፤ ጨርቅ የድምፅን ማስተጋባት ይውጣል። ልብስና ጥቅልል ጨርቅ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ቢናገሩ ባዶ ክፍል ውስጥ በውድ ማይክ ከሚቀረጽ ድምፅ የተሻለ ሊወጣልዎ ይችላል።

ድምፅዎ የሚታፈንበት አንዱ ምክንያት የጻፉትን ለማንበብ ስለሚሞክሩ ይመስለኛል። አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያሳርፍ ቋንቋ ነው። በጽሑፍ «ከውስጥ በኩል በጠመኔ ምልክት የተደረገበትን፣ ቀደም ሲል በትልልቅ ስፌት ለጊዜው የተያያዘውን የዚፕ ጠርዝ በዚፑ ጥርስ አጠገብ አስጠግተው ይስፉ» ቢሉ አንባቢው ዓይኑን መልሶ ያገናኘዋል። ሲናገሩት ግን አድማጩ ምን ሊደረግ እንደሆነ ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ቃል ይጠብቃል፤ እርስዎም ትንፋሽ ያጥርዎታል። ይቆራርጡት፦ «ዚፑን ገልብጡት። የጠመኔው ምልክት ይታያችኋል? እሱን ተከትላችሁ ስፉ። ከጥርሱ አትራቁ።» ይህ ከጽሑፍዎ ያነሰ አማርኛ አይደለም፤ ከጎንዎ ለተቀመጠች ተማሪ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ስለዚህ ለቪዲዮ ስክሪፕት ሲያዘጋጁ ጽሑፍዎን አይገልብጡ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል በአምስትና በስድስት ቃል ብቻ አስፍረው የቀረውን በቃልዎ ያስረዱ።

እንግዲህ ወደ ፍርዴ ልምጣ። ጽሑፉን አይተዉ፤ ቪዲዮውንም አይፍሩ፤ ነገር ግን እኩል አያድርጓቸው። በአሁኑ ሁኔታዎ ጽሑፉ ቤት ይሁን፣ ቪዲዮው ደግሞ የቤቱ መስኮት። ይህን የምለው እርስዎንም የእህትዎን ልጅም ለማስደሰት አይደለም። በየሳምንቱ ቪዲዮ ማውጣት መቅረጽ፣ መቁረጥ፣ ድምፅ ማጋጠም፣ የሽፋን ምስል ማዘጋጀትና የግርጌ ጽሑፍ ማስገባት ማለት ስለሆነ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከስፌቱ የበለጠ ሥራ ይሆናል፤ ስለ ስፌት የሚያስተምር ሰው መስፋት ካቆመ ደግሞ የሚያስተምረው ያልቅበታል። ስለዚህ ከ140ዎቹ ጽሑፎች መካከል አንባቢዎች «አልገባኝም» እያሉ ደጋግመው የጠየቁባቸውን አራት ወይም አምስት ብቻ ይምረጡ። ለእያንዳንዳቸው ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ቀረጻ ያዘጋጁና በጽሑፉ መካከል፣ ንግግሩ እጅ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ያስገቡት። ልኬቱን በሙሉ ከቪዲዮው ሥር በሰንጠረዥ ያስቀምጡ። ዩቲዩብ ላይ በመግለጫው ውስጥ የሰዓት ምልክት ቢያስገቡ ቪዲዮው በምዕራፍ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ምልክት 0:00 መሆን አለበት፤ ምልክቶቹም ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። መቀስ የያዘችው ተመልካች የምትፈልገው ቦታ ላይ በቀጥታ እንድትደርስ ይህ ትልቅ ርዳታ ነው።

ሦስት ወር ይሞክሩትና ውጤቱን ሲመዝኑ ስንት ጊዜ ታየ የሚለውን ብቻ አይመልከቱ። ያ ቁጥር በአልጎሪዝም፣ ማለትም የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ በሚወስነው የመድረኩ ስሌት፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይልቅ «እጅጌው ተጨማደደብኝ» የሚለው ጥያቄ መምጣቱን ቀነሰ ወይ የሚለውን ይዩ። ከቀነሰ ቪዲዮው ሥራውን ሠርቷል፤ ሌላ አምስት ይጨምሩ። ካልቀነሰ ቀረጻው የሚያሳየው ትክክለኛውን ቅጽበት ላይሆን ይችላል፤ ካሜራውን አቅርበው ደግመው ይቅረጹ። ኤዲቲንጉን ለእህትዎ ልጅ መስጠት ይችላሉ። ነገሩን ያነሣው አስቦልዎት ነውና የሥራው ተካፋይ ቢሆን ደስ የሚለው ይመስለኛል።

የድሮዎቹን ጽሑፎች ላጥፋ ወይ ብለው ለጠየቁት መልሴ አጭር ነው፤ አያጥፏቸው። ሌሎች ሰዎች ወደ እነርሱ ያስገቡት አገናኝ ሁሉ ይሞታል፤ ለዓመታት በፍለጋ ያገኙት ቦታም አብሮ ይጠፋል። የተሳሳተውን ያርሙ፣ ያረጀውን ያድሱ፣ ሁሉንም ገልብጠው በራስዎ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ። የቪዲዮዎችዎንም ዋና ቅጂ እንዲሁ ያድርጉ፤ የሌላ ድርጅት መድረክ የእርስዎ መዝገብ ቤት አይደለም። የብዙ ሰዎች የግል ገጾች የነበሩበት ጂኦሲቲስ በ2009 ተዘግቷል፤ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ታውቆ የነበረው ቫይንም በ2017 አቁሟል። ከጂኦሲቲስ ገጾች ብዙዎቹ ዛሬም የሚታዩት ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት ተረባርበው ስለገለበጧቸው ነው፤ ይህም ሊሆን የቻለው ገጾቹ ቀላል ስለነበሩ ነው።

የመጀመሪያው ቪዲዮዎ የዚፕ አገጣጠም ይሁን። አጭር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ በጽሑፍ ለማስረዳትም አስቸጋሪ ነው። ጥቁር ዚፕ በጥቁር ጨርቅ ላይ አይምረጡ፤ ክሩም፣ ዚፑም፣ ጨርቁም የተለያየ ቀለም ቢኖራቸው ስፌቱ ጎልቶ ይታያል። በመካከል ስፌቱ ከተጣመመብዎ ካሜራውን አያጥፉ፤ ሲተረትሩትም ይቀረጽ። ጨርቁን ሳይጎዱ ስፌት እንዴት እንደሚነሣ ማየት የሚፈልጉ ብዙ ናቸውና ያንን ክፍል ቆርጠው አይጣሉት።